ለልጄ ጋቢ ስፈትል

ሐምሌ 10

ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን ጨረሰች። እኔም ጥጤን ገዝቼ ገባሁ፤ የጋቢዋ ሥራ ዛሬ ተጀመረ።

ሽሮ ሜዳ ወጥቶ ያለቀለት ጋቢ ገዝቶ መመለስ የአንድ ከሰዓት ጉዳይ ነው። እንዲህ የሚሉኝ ጎረቤቶቼ እውነት አላቸው። ግን አሁን አሁን ገበያው ላይ ተሰቅሎ ከምናየው ብዙው ድሩም ማጉም የፋብሪካ ክር ነው። ሲያዩት ወጥ ነው፣ ያምራል፤ ሌሊት ደርበውት ሲተኙ ግን ሙቀት የለውም። ልጄ ከቤት ርቃ የምትሄድ ከሆነ፣ እኔ የማስይዛት ጋቢ ብርድ ልብሷ ሊሆንላት ይገባል። የእንዲህ ያለው ጋቢ ሙቀት ያለው ማጉ ላይ ነው።

ለማያውቁ ወጣቶች፦ ድር በጨርቁ ርዝመት ተወጥሮ የሚዘረጋው ክር ነው። ማግ ደግሞ በመወርወሪያ ግራና ቀኝ እየተመላለሰ ድሩ ውስጥ የሚገባው ነው። ድር ሸማኔው ሲሠራ ተወጥሮ ስለሚውል፣ ማጉን በሚያስጠጋው መምቻም ስለሚፈተግ፣ ከረር ብሎ የተፈተለ ጠንካራ ክር መሆን አለበት። ማግን ግን የሚወጥረው የለም። ስለዚህ ወፈርና ላላ ተደርጎ ሊፈተል ይችላል። ወፈርና ላላ ያለ ፈትል በውስጡ አየር ይይዛል፤ ሰውነታችን ያሞቀው አየር ሳይሸሽ እዚያው ሲቆይልን ነው ጋቢው ሞቀን የምንለው። የፋብሪካ ክር በጣም ስለሚከርር ያ አየር የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ክብደትና ሙቀት አንድ አይደሉም። ከባድ ሆኖ የሚበርድ ጋቢ አለ፤ ቀለል ብሎ የሚያልብም አለ።

ጥጡን የገዛሁት የተዳመጠውን ነው። እናቴ ጎጃም ውስጥ ልጅ ሳለች ጥጥ ከነፍሬው ይገዛ ነበር። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኑረው የብረት መዳመጫውን እያንከባለሉ ፍሬውን ያስወጡታል። ዛሬ ይህን መኪና ይጨርሰዋል። ሻጩ የመተማ ጥጥ ነው አለኝ። ከየትም ይምጣ፣ እኔ የማየው ርዝመቱን ነው፦ ቆንጠር አድርጌ በሁለት እጄ ጣቶች ቀስ ብዬ እስበዋለሁ። ቶሎ ብጥስ ካለ ጥጡ አጭር ነው፤ ሲፈተል ይቆራረጣል፣ ሲለበስም ይበናል። እየተንሸራተተ ረዘም ብሎ ከተላቀቀ ደግ ጥጥ ነው። ቢጫ የጣለውንና የቅጠል ስባሪ የበዛበትን ተውኩት።

ሐምሌ 14

ክረምት ጥጥ በደጋን እየመቱ ለመንደፍ አይመችም። እርጥበት የያዘ ጥጥ ደጋኑ ሲነካው በመበተን ፈንታ እየተቋጠረ ይቀራል። ፀሐይ ብልጭ ስትል ሰፌድ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ደመና ሲመጣ አስገባዋለሁ፤ ማታ ደግሞ ፍንጣሪ እንዳይደርስበት ራቅ አድርጌ ከሰል ምድጃው ባለበት ክፍል አሳድረዋለሁ። ዛሬ በደንብ ደረቀ።

የሚነድፈው እጅ የእናቴ ነው። ደጋኑን አገር ቤት ሳለች ጀምሮ ትነድፍበታለች፤ ጅማቱ ተቀይሯል፣ እንጨቱ ያው ነው። ጅማቱን ወደ ጥጡ ክምር አስጠግታ በጣቷ መታ ታደርገዋለች። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ቤቱን ይሞላዋል። ጥጡ ከክምሩ እየተነሳ ጅማቱ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ገለባውና ትቢያው ወደ ታች ይረግፋል፤ ንጹሑ ወዲያ ማዶ እየተነባበረ ይወድቃል። ያ ባዘቶ ነው። እፍኝ የማይሞላ የነበረው ጥጥ ተነድፎ ሰፌድ ይሞላል፣ እፍ ቢሉት የሚበር ይሆናል። ለዚህ ነው በርና መስኮት ዘግተን የምንቀመጠው።

ባዘቶውን እያሳሳች ትዘረጋና በመዳፏ አንከባልላ አመልማሎ ታደርገዋለች። እማዬ በአመልማሎ ላይ ቀልድ አታውቅም። አመልማሎው እኩል ካልሆነ ፈትሉ እኩል አይሆንም፣ ፈትሉ እኩል ካልሆነ ጋቢው አንድ ቦታ ሳስቶ አንድ ቦታ ይወፍራል ባይ ናት። ከመንደፉ ይልቅ ረጅም ጊዜ የወሰደባት እሱ ነው። ማታ ላይ መሶቡን በአመልማሎ ሞልታ፣ ነጭ ጨርቅ አልብሳ፣ «በይ እንግዲህ የቀረው ያንቺ ነው» አለችኝ።

ሐምሌ 18

ነገ ገብርኤል ነው፣ እንዝርት አይነካም። እሑድም፣ ሚካኤልም፣ ማርያምም እንደዚሁ። ቀኑን ስቆጥረው ለፈተላ የሚቀረው ከጠበቅኩት ያነሰ ነው። ስለዚህ ዛሬ እስከ ምሽት ፈተልኩ።

የማግ ፈትል እንዲህ ነው። በግራ እጄ አመልማሎውን ይዤ ጫፉን ትንሽ ስቤ እንዝርቷ ላይ ካለው ክር ጋር አገናኘዋለሁ። እንዝርቷን በቀኝ መዳፌ ጭኔ ላይ አሽከርክሬ እለቃታለሁ። እየዞረች ስትወርድ የግራ እጄ ወደ ላይ ይሸሻል፤ አመልማሎው በሁለት ጣቶቼ መሀል እየሾለከ ክር ይሆናል። ጥበቡ ያለው እነዚያ ሁለት ጣቶች ላይ ነው። ጠበቅ ካደረግኋቸው ክሩ ይቀጥናል፣ ይከርራል፣ ለነጠላ የሚሆን ይወጣል። ለጋቢ ማግ ላላ ማድረግ ነው፦ ጥጡ እንዲያልፍ መፍቀድ፣ እንዝርቷ ግን ብዙ ሳትዞር ቶሎ ማቆም። ውፍረቱ የጧፍ ክር ያህል ከሆነ ይበቃኛል። የፈተልኩትን ጥቂት ዘርግቼ በጣቶቼ እጫነዋለሁ፤ ተጭኖ መልሶ ቀና ካለ ውስጡ አየር አለው። እንደ ሲባጎ ድርቅ ካለ ከርሯል ማለት ነው።

ልጄ መጽሐፎቿን በካርቶን አሽጋ አልጋ ሥር ከተተች። ስለ ፈተናው እንድጠይቃት አትፈልግም፤ አልጠየቅኋትም።

ነሐሴ 5

ፍልሰታ ገብቷል። ከሰዓት ቅዳሴ ስለምንሄድ የሚፈተለው ጠዋት ብቻ ነው።

ዛሬ ቡና ላይ አንዲት ወዳጄ በቅንነት ጠየቀችኝ፦ «ውጤቱ ሳይታወቅ የዩኒቨርሲቲ ጋቢ ትፈትያለሽ? ባይሳካላት ልጅቷን አይከብዳትም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ልጆች ዘጠና አምስቱ ማለፊያውን ሳያመጡ በሚቀሩበት አገር ልጅ ያስፈተነች እናት ሁሉ ክረምቱን እንዴት እንደምታሳልፈው እኔ አውቃለሁ።

እኔ ግን ጋቢውን የውጤት ሽልማት አላደረግሁትም። ለልጄም በግልጽ ነግሬያታለሁ፦ ብታልፊ ይዘሽው ትሄጃለሽ፤ ማለፊያው ጎድሎብሽ የማካካሻ ትምህርት (ሬሜዲያል) ከሆነም ይዘሽው ትሄጃለሽ፤ እዚሁ ቤት ሆነሽ ዳግም ብትፈተኚም ሌሊት ስታጠኚ ትደርቢዋለሽ። ጋቢው ያንቺ ነው። ይህን ስላት ዝም ብላ ሰማችኝና ቀጥሎ የጠየቀችኝ የጥለቱን ቀለም ነበር። የሰጠኋትን ቃል እንዳመነችኝ የገባኝ በዚህ ነው።

ነሐሴ 20

ጾሙ ተፈታ፣ ቡሄም አለፈ፣ ሥራው እንደገና ጉልበት አገኘ። የተፈተለው ክር ልቃቂት ቅርጫቱን እየሞላ ነው። ሱቁ ሄጄ አስመዘንኩት፤ ለአንድ ጋቢ ማግ የሚበቃውን ከግማሽ በላይ ደርሻለሁ። እማዬም ዓይኗ ቢደክምም በእጇ እየዳበሰች አብራኝ ትፈትላለች። የሷ ፈትል ከኔ ይበልጥ ወጥ ነው። ሸማኔው እንዳይዘበራረቅበት የሷንና የኔን ለየብቻ አስቀምጬዋለሁ፤ በየተራ ካገባው ልዩነቱ ጨርቁ ላይ አይታወቅም።

ድሩንም ራሴ ልፍተለው ወይ የሚለውን ብዙ አሰብኩበት። ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል የሆነ ጋቢ፣ ፈታይ የሚሉት፣ ልስላሴው ሌላ ነው፤ አንዴ ለብሶት ያደገ ሰው አይረሳውም። ግን የድር ፈትል ቀጭንም ጠንካራም መሆን አለበት፤ እሱን በዚህ ክረምት መጨረስ አይታሰብም። ከዚያ በላይ ደግሞ ይህ ጋቢ የተማሪ ጋቢ ነው። በባልዲ ይዘፈዘፋል፣ በእጅ ይጨመቃል፣ ሽቦ ላይ ይሰጣል። የፋብሪካ ድር ይህን ሁሉ ይችላል። ስለዚህ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የኛ እጅ እንዲሆን ወሰንኩ። ፈታዩን ለሠርጓ፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ።

ጳጉሜን 4

ልጄ ዛሬ ራሷ መጥታ «አሳዪኝ» አለች። ሕፃን ሳለች እንዝርቷን እያሽከረከረች ትጫወትባት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነክታትም አታውቅም።

እማዬ ከኋላዋ ተቀምጣ እጇን በእጇ ላይ አድርጋ ያዘቻት። መጀመሪያ ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረ። ከዚያ መጣላት፤ አንድ ቦታ ጉብ ያለ፣ አንድ ቦታ የቀጠነ፣ ግን የማይበጠስ ክር። ልጄ «ይኼ አይሆንም፣ ይጣል» ስትል እማዬ ከእጇ ተቀበለቻትና «የሰው የመጀመሪያ ፈትሉ አይጣልም» ብላ ለብቻው ጠቀለለችው። ከሸማኔው ጋር ተነጋግሬ በእግር በኩል የሚሆነው ጫፍ ላይ እንዲገባላት አደርጋለሁ። ጉብጉቡ ይታይ። በኋላ በጣቷ ስትዳብሰው የቱ የራሷ እንደሆነ ታውቀዋለች።

መስከረም 6

አለፈች።

የዘንድሮውን፣ የ2017 ዓ.ም. ፈተና ያለፉት 8.4 በመቶ ናቸው ተባለ። ካለፉት ዓመታት ይሻላል። እኛ ቤት ዕልል ሲባል እዚሁ ሰፈር የልጆቻቸውን ውጤት አይተው በራቸውን የዘጉ አሉ፤ የአንዷን ቤት አንኳኩቼ ገብቼ አብሬያት ተቀመጥኩ። ዛሬ አልፈተልኩም።

መስከረም 24

ማጉ አለቀ። የመጨረሻዋን አመልማሎ እማዬ ናት የፈተለቻት።

ድሩን ገዝቼ ሁሉንም በፌስታል ይዤ ወደ ሸማኔው ሄድኩ። የዶርዜ ሰው ናቸው፤ ከጨንቻ በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ ጉለሌ በሽመና ያረጁ አባት። እሳቸው ዘንድ የምወስደው በአንድ ምክንያት ነው፦ ሥራ ከመቀበላቸው በፊት ፈትሉን ያያሉ። ከልቃቂቱ ጥቂት ስበው፣ ወደ ብርሃን አድርገው፣ በአውራ ጣታቸው አሹት። «ይኼን የፈተለው ማነው?» አሉኝ። እኔና እናቴ ነን አልኳቸው። «ጥሩ ነው። አላከረራችሁትም። ዛሬ የሚመጣልኝ ሁሉ እንደ ገመድ የጠነከረ ነው» ብለው ተቀበሉኝ።

የልጄን ፈትል ለብቻ አወጣሁና ነገርኳቸው። ጉብጉቡን አይተው «መወርወሪያዬ ውስጥ ይያዛል እኮ እህቴ» አሉ። ትንሽ አሰቡና እሱን በመወርወሪያ ሳይሆን በእጃቸው እያሾለኩ እንደሚያገቡት ቃል ገቡልኝ።

ጥለቱን ልጄ የመረጠችው ወይን ጠጅ ነው፤ ሁለት ጣት የማይሞላ፣ ያለ ጥበብ፣ ዝም ያለ መስመር። ጋቢ ሁሉ ነጭ ስለሆነ ዶርም ውስጥ አንድ ሽቦ ላይ ብዙ ጋቢ ሲሰጣ መለያ ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲ ቆይቶ የተመለሰ የአጎቷ ልጅ ነው ይህን የመከራት፤ ጥሩ ምክር ነው።

ጥቅምት 6

ምደባ ወጣ፤ ደብረ ብርሃን።

እማዬ ወዲያው «ብርዱ!» አለች። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሩቅ አይባልም። ከፍታው ግን 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ 2,400 ገደማ። ነፋሱም ሜዳው ላይ የሚያቆመው ነገር የለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። እማዬ ግን ይህን ብላ አላቆመችም፤ ከተማዋን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንደቆረቆሯትና ስሟም ከሰማይ ከወረደው ብርሃን እንደመጣ ለልጄ ተረከችላት። እሷ አገሩን ሁሉ የምታውቀው በታሪኩ ነው፤ ልጄም በመርማሪ ዓይን አየቻትና ለሁለተኛ ጊዜ እንድትነግራት ጠየቀቻት።

ከዚያ ምክሩ ዘነበ። አንዱ ዘመድ ጋቢውን ትታችሁ ቡሉኮ አሠሩላት አለ። ቡሉኮ በእውነት ይሞቃል፤ ግን ይከብዳል፣ ሲታጠብ ውሃ ጠጥቶ አንድ ሰው አይጨምቀውም፣ በክረምት ለመድረቅም ጊዜ ይወስድበታል። ትከሻ ላይ አድርጎ ወደ ቤተ መጻሕፍት መሄድም አይመችም። ሌላው ደግሞ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ወዳለበት ከተማ ጋቢ ምን ይሠራል አለ። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ስሙ የታወቀ ነው፣ እኔም ያደግሁበት ነው፤ መንዝ ደግሞ ከበግ ፀጉር የሚሠሩት ባና እና ዝተት የሚባሉ ወፍራም ልብሶች አገር ነው። እዚያ ሲደርሱ አንድ ብርድ ልብስ እንገዛላታለን። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለአዲስ ተማሪ በሚያወጡት ጥሪ ላይም ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ ይዛችሁ ኑ የሚል አለ። ጋቢው ግን አልጋ ላይ ብቻ አይቀርም። ከብርድ ልብሱ ሥር ሰውነት አጠገብ ይለበሳል፣ ጠዋት ክፍል ይዘውት ይሄዳሉ፣ ሲያማቸው ይከናነቡታል፣ ቤተ ክርስቲያን ይለብሱታል። ቀን ከሌሊት የማይለይ ልብስ እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ አልቀየርኩም። ሸማኔው ጋ ደውዬ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ ርዝመቱን አንድ ክንድ እንዲጨምሩልኝና ማጉን ብዙ እንዳይመቱት። ርዝመቱ ተርፎ እግር ሥር እንዲታጠፍላት ነው። ስለ መምታቱ ደግሞ እሳቸው ቀድመውኝ «ብርድ አገር ነው ካልሽ ጭራሽ አልጠቀጥቀውም» አሉ። ብዙ ሰው ጋቢ ጥቅጥቅ ሲል ይሞቃል ይለዋል። ማጉ ተመትቶ ተመትቶ ሲታጨቅ ያን ሁሉ አላልቶ የተፈተለውን ጥጥ አየሩን አስወጥቶ ማጠንከር ነው የሚሆነው።

ጥቅምት 13

ሸማኔው ቤት ሄጄ ሲሠሩ ዋልኩ። ልጄም አብራኝ ነበረች።

ድሩ ተደርቶ፣ ክር በክር ተሰክቶ፣ ከፊታቸው ተወጥሯል። እሳቸው ከመሸመኛው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግራቸው ታች መርገጫው ላይ ነው። ማጉ ቀሰም ላይ ተጠንጥኖ መወርወሪያው ውስጥ ይገባል። አንዱን መርገጫ ሲጫኑ ድሩ ለሁለት ይከፈታል፤ መወርወሪያው በቀኝ ገብቶ በግራ ይወጣል፤ መምቻውን ወደ ራሳቸው ሳብ ያደርጉታል፤ ሌላውን መርገጫ ይጫናሉ። ሌላ ሰው መምቻውን በኃይል ሲስበው ጓ ይላል። እሳቸው እያስጠጉ ብቻ መለሱት፤ ማጉ ከጎረቤቱ ጋር ተነካክቶ ይቆማል እንጂ አይታጨቅም። ጎንበስ ብዬ ጨርቁን ከታች በኩል አየሁት። በማጎቹ መካከል ብርሃን አይገባም፣ ግን ጣቴን ሳሳርፍበት ይሰምጣል። የፈለግሁት ይህንን ነው።

የልጄ ፈትል ተራው ሲደርስ መወርወሪያውን አስቀመጡ። ክሩን በጣቶቻቸው ይዘው ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ቀስ እያሉ አሳለፉት፤ ጉብ ያለው ቦታ ሲደርስ ድሩን በጥፍራቸው ገለጥ እያደረጉ። ለጥቂት መስመር ከሌላው ሥራ የበለጠ ጊዜ ወሰደባቸው። ልጄ ትንፋሿን ይዛ ነበር የምታያቸው። «ልጄ፣ ሁለተኛውን ስትፈትዪ ከዚህ ይሻላል» አሏት፤ ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመቻቸው።

ጥቅምት 20

ጨርቁ መጣ። ከሸማኔ የሚወጣው ረጅም ጠባብ ጨርቅ ነው። ተቆርጦ ጎን ለጎን ሲሰፋ ወርዱ ይሞላል፣ ሲደረብ አራት እጥፍ ይሆናል። በእጥፎቹ መካከል ያለው አየርም ከማጉ ጋር ተደምሮ ነው የሚያሞቀው፤ ነጠላ ከጋቢ የሚለይበት አንዱ ነገር እሱ ነው።

መኪና ስፌት አላስነካሁትም። የመኪና ስፌት መጋጠሚያውን ስለሚያጠብቀው ከታጠበ በኋላ ጋቢው መሀሉ ላይ ይሰበሰባል። በተረፈው የድር ክር፣ በእጅ፣ ላላ ባለ ስፌት ከዳር እስከ ዳር ሰፋሁት። ድርቦቹ እንዳይንሸራተቱም ዳር ዳሩን ብቻ ያዝ ያዝ አደረግሁት።

ጥቅምት 25

የቀረው መቋጨት ነበር። እኔና ልጄ የጋቢውን ሁለት ጫፍ ተካፍለን ተቀመጥን።

ከጫፉ የተረፉትን የድር ክሮች ጥቂት ጥቂት እየያዙ ለሁለት መክፈል፤ ሁለቱንም በአንድ አቅጣጫ ማክረር፤ ከዚያ አንድ ላይ አድርጎ በተቃራኒው ማክረርና ጫፉን መቋጠር። ሁለቱ ክሮች ራሳቸው እየተጠማዘዙ ይያያዛሉ፣ አይፈቱም። ጣት በደረቀ ቁጥር በውሃ ማርጠብ ነው። የልጄ ጣቶች ከኔ ይፈጥናሉ። እሷ ቋጭታ ስትጨርስ እኔ ገና ነበርኩ፤ ወደኔ ጫፍ ተሻግራ ከሌላኛው ዳር ጀመረችልኝ። መሀል ላይ እስክንገናኝ ድረስ ስለ ዶርም፣ ስለ ትምህርት ክፍል ምርጫ፣ ስለሚያስፈራት ነገር ሁሉ አወራችኝ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ እንዴት እንደሚፈታ! ፊት ለፊት አስቀምጬ ብጠይቃት ግማሹንም አትነግረኝም።

ከዚያ ያለ ሳሙና በቀዝቃዛ ውሃ ነክሬ፣ ሳልጠመዝዝ አንጠፍጥፌ፣ ጥላ ውስጥ አሰጣሁት። አዲስ ጋቢ የመጀመሪያ ውሃውን ሲጠጣ ጥቂት ይሰበሰባል፣ ማጉም ይነፋል። ደርቆ ሲገባ ከሸማኔው ቤት ከመጣው ጨርቅ ጋር አንድ አይመስልም፤ ለስልሷል።

ኅዳር 4

ሄደች። አባቷ አድርሷት ተመልሷል። ሻንጣዋ ውስጥ ስላልገባ ጋቢውን ለብሳው ነው መኪና የገባችው። ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ኅዳር 16

ደወለች። ሌሊት እግሯ ሥር የተረፈውን አጥፋ ስለምትተኛ እግሯ አይበርዳትም። አብራት የምታድር ልጅ ከጅማ በኩል የመጣች ናት፤ ብርዱ በጣም ስላስቸገራት አንዳንድ ማታ ሁለቱም አንድ አልጋ ላይ ጋቢውን ተከናንበው ያጠናሉ። ለዚያች ልጅም ለገና የሚደርስ ነገር ላስብላት ነው፤ ጥጥ ተርፎኛል።

ስለ እጥበቱ ስለጠየቀችኝ ጽፌ ልኬላታለሁ፣ እዚህም ይቀመጥ፦ ቶሎ ቶሎ አትጠቢው፤ ፀሐይ ላይ ማናፈስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። ስታጥቢው ውሃው ለብ ይበል እንጂ አይፍላ፣ በረኪና አይንካው፤ በረኪና ማጉን ይበላዋል። ወይን ጠጁ ጥለት መጀመሪያ ቀለም ሊለቅ ስለሚችል በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው ነክረሽ እዪው። አትጠምዝዢው፤ ከጓደኛሽ ጋር ሁለት ጫፍ ይዛችሁ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ሽቦ ላይ በአንድ መስመር አይሰቀል፣ በውሃው ክብደት ይለጠጣል፤ ሁለት ሽቦ ላይ ዘርግታችሁ አስጡት። ውርጭ ሳይጀምር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት አስገቢው።